የሁለተኛ «ሀ» አረንጓዴ ቃላት

ጥቅምት 4

ቀናተኛ ነኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር ለሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለባለቤቴ እንኳ... ነፍሷን ይማር፣ የሆዴን ሁሉ የማዋያት እሷን ነበር። ይቺን አንዷን ግን ሳልነግራት ሄደች። የሥራ ባልደረባዬ ሲመሰገን ከሁሉ ቀድሞ የሚያጨበጭበው የእኔ እጅ ነው። ቤቴ ስገባ ግን ምግቡ አይወርድልኝም። «ጋሼ እኮ ለማንም ክፉ አይመኝም» ይላሉ። እኔን ይጠይቁኝ እንጂ።

ለምን ዛሬ ጻፍኩት? እንጃ። ቀኑ እንደሆነ እንደ ሌላው ቀን ነው። ጸሎቴን አደረስኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ወደ ትምህርት ቤት። የእኔ ክፍል ሁለተኛ «ሀ» ነው፤ አርባ አንድ ልጆች፣ ሦስቱ ቀሩ። ጠመኔ አለቀብኝና ከጎረቤት፣ ከሁለተኛ «ለ»፣ ልለምን ሄድኩ። ዘንድሮ የመጣችው መምህርት ናት እዚያ ያለችው። ልጄ ልትሆን ትችላለች።

«ጋሼ፣ ፓኮውን እንዳለ ይውሰዱት። እኔ ብዙም አልነካውም» አለችኝ።

ደግነት ነው። ታዲያ ለምን እንደ ጥፊ ተሰማኝ?

ጥቅምት 9

ጎረቤቴ ልጆቹን እንዴት እንደምትጠይቅ አየሁ። በመስኮት ነው ያየሁት... ቆሜ፣ እንደ ሌባ። ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቁርና ነጭ ምልክት ያለበት አንድ አንድ ካርቶን ሰጥታለች። ጥያቄ ትጠይቃለች። ልጁ መልሱ «ሀ» ከመሰለው በአንድ ጎኑ፣ «ለ» ከመሰለው በሌላ ጎኑ አዙሮ ከፍ ያደርጋል። እሷ ስልኳን ይዛ ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ታሳልፋለች። አለቀ። ማን እንዳወቀ፣ ማን እንደሳተ በየስሙ ስልኩ ላይ ይወጣል። የጎረቤትን አይቶ መኮረጅ የለም፤ የሁሉም ካርቶን ይለያያል።

እኔ ያንኑ ለማወቅ አርባ አንድ ደብተር ታቅፌ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

«ጥሩ ነገር ነው» አልኳት ስትወጣ።

«ላሳይዎት? አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ዓይኔ ስልክ ላይ አይሆንልኝም።»

ውሸት። ስልክ ላይ ዜና ሳነብ ነው የማመሸው።

ጥቅምት 14

ጎረቤቴ ጋ ደግሞ ሌላ አለ። እንደ ትራፊክ መብራት ያለ ነገር። ልጆቹ ሲንጫጩ ቀይ ይበራል፣ ዝም ሲሉ አረንጓዴ። ቀይ እንዳይሆንባቸው እርስ በርሳቸው ሽሽ ይባባላሉ፣ እሷ መቆጣት የለባትም። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ ፊደል አስጮሃለሁ። እንደ ሁልጊዜዬ... እኔ እላለሁ፣ ይከተሉኛል።

በሩ ተንኳኳ። የእሷ ተማሪ፣ ጥርሷ የወለቀ። «ቲቸር፣ የእናንተ ጩኸት የእኛን መብራት ቀይ አደረገው።»

ልጆቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በሩ ሲዘጋ ትምህርቱን ቀጠልኩ፣ ድምፄን አንድ እርከን ከፍ አድርጌ። ሽበት ያወጣሁ ሰውዬ!

በሻይ ሰዓት ደግሞ ያ አፉ የማያርፈው የሒሳብ አስተማሪ፣ «ጋሼ፣ ጠመኔ ሊቀር ነው። ሙዚየም ቦታ ይያዙ» አለኝ።

«አንተ ቀድመህ ግባና ያዝልኝ» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው አላጠገበኝም።

ጥቅምት 17

አሥር ታብሌት መጣ። ዳይሬክተሩ የሁለተኛ ክፍል መምህራንን ሰብስቦ አስረዳን። ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፣ መሣሪያው ያዳምጣል። በትክክል የተነበበው ቃል አረንጓዴ ይሆናል፣ የተሳተው ቀይ። ሲጨርስ አንዲት ወፍ ትበርለታለች። ከዚያ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ ቁጥር ይወጣል። በየወሩ መጨረሻ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ምንባብ ያነባል። ከአሥራ አምስት ቃል በታች ያነበበ ማጠናከሪያ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ ዘጠኝ። ማን ያስተምራል? ሥልጠናውን የወሰደችው ጎረቤቴ ናታ። ሌላ ማን ይሆናል።

«የየክፍሉ ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ሰሌዳው ብቻ ታየኝ።

ጥቅምት 18

ጎረቤቴ ወረቀት ይዛ መጣች። የወሩ ምንባብ፤ ስለ ዝናብና ስለ አንድ ጃንጥላ ነው።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ እንዳያስቸግርዎት በትልልቁ አተምኩልዎት። ልጆቹ ግን እስከ ፈተናው ቀን ባያዩት ነው የሚሻለው።»

«እንዴታ» አልኳት።

ስድሳ ሁለት ቃል ነው። ቆጠርኩት። ለምን ቆጠርኩት?

ጥቅምት 21

ጀመርን። ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩትም፤ በቃል ነው። እኔ እላለሁ፣ ይከተሉኛል። ለራሴ «አላሳየኋቸውም» አልኩት። እውነት ነው፣ በዓይናቸው አላዩትም።

ጥቅምት 24

አራተኛ ቀን። በጭብጨባ አደረግነው። ቃጭል በሁለተኛው ቀን ነው የጨረሰችው። ቃጭል ያልኳት እኔ ነኝ፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ ከፊት የምትቀመጥ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ። ሌሎቹ ሲጠፋባቸው እሷ ትመራለች። ዛሬ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ አስተማረችልኝ። ምን ያለ ጆሮ ነው የሰጣት!

ጥቅምት 28

ፈተናው ሆነ። ዳይሬክተሩ ራሱ ታብሌቱን ያዘ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ገቡ።

ሁለተኛ «ሀ»፣ በአማካይ አርባ ስድስት ቃል በደቂቃ። ሁለተኛ «ለ»፣ ሃያ ዘጠኝ። ቃጭል ሰባ አንድ፤ ምንባቡን ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሳ ከሁሉ አንደኛ።

ተለጠፈ። በሰሌዳው በኩል አራት ጊዜ አለፍኩ። አንዴ ውኃ ልጠጣ፣ አንዴ እጄን ልታጠብ... ሦስተኛውና አራተኛው ምክንያት እንኳ አልነበረውም።

ቤት ገብቼ ምግቡ ጣመኝ። ላመሰግን ቆምኩ። ቃል አልመጣልኝም። ደክሞኝ ይሆናል።

ኅዳር 2

የመምህራን ስብሰባ። ዳይሬክተሩ፣ «ጋሼ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ምንም ይህን ውጤት አመጡ። ዘዴዎን ያካፍሉን» አለኝ።

ተነሣሁ። «ዘዴ የለውም። ልጁን ማዳመጥ ነው። ሲያነብ አለማቋረጥ። ሲሳሳት አለመቸኮል...» ከየት አመጣሁት? አምሮ ይወጣል ደግሞ። አጨበጨቡ። ጎረቤቴ አቀርቅራ ማስታወሻዋ ላይ ትጽፋለች። «አለማቋረጥ» ብላ ከሥሩ ስታሰምርበት አየሁ።

ደስ አለኝ፣ አልክድም። እስከ በሩ ድረስ።

የማጠናከሪያው ስም ዝርዝርም ወጣ። ከእሷ ክፍል አሥራ አንድ ልጆች። ከእኔ ክፍል አንድም የለም።

ኅዳር 6

ዛሬ የታብሌት ተራ የእኛ ነበር። ቃጭል አዲሱን ምንባብ አልፈልግም አለች። «ቲቸር፣ የዝናቡን ላንብብ። ወፏን ላብርራት።» እሺ አልኳት። ኋላዋ ቆሜ አያለሁ። ቃላቱ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ... ደስ ይላል ማየቱ።

ግማሽ ላይ ስትደርስ ቻርጁ አለቀ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ፊቴን እዚያ ጥቁር ላይ አየሁት፣ ከእሷ ፊት በላይ።

ቃጭል አላቆመችም። ጥቁሩን እያየች አነበበች። አንድ ቃል ሳትስት፣ እስከ መጨረሻው።

«ወፏ የታለች?» አለችኝ።

ኅዳር 7

ሁሉ ሲወጣ ቃጭልን አስቀረኋት። ከዚያው ምንባብ አንድ ቃል ብቻ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ጃንጥላ።

አየችው። አየችኝ። «ከፊቱ ያለውን ይበሉልኝ» አለች።

«ከፊቱ ምንም የለም። ይቺን ብቻ።»

«ዝናብ?»

ሌላ ጻፍኩ። ሌላ። ሌላ። ፊደሎቹን ታውቃለች፣ ግማሾቹን። ገጣጥማ ቃል ማውጣት አትችልም። ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አለፈችኝ? በጆሮዋ። እኔ እላለሁ፣ ትከተለኛለች። ጩኸቱ ውስጥ ማን አንብቦ ማን ሰምቶ እንደሚጮህ ማን ይለያል። እሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጮሃለች።

«አጠፋሁ እንዴ?» አለችኝ።

«አላጠፋሽም።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየዘለለች ወጣች። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ።

ኅዳር 8

ሌሎቹንም አንድ በአንድ አየኋቸው፣ በዘዴ፣ እንደ ጨዋታ። አሥራ ሦስት ልጆች። ከአርባ አንዱ አሥራ ሦስቱ አያነቡም።

የወሩ ፈተና ቢቀጥልም የማጠናከሪያው ዝርዝር ለመንፈቅ ዓመቱ ተዘግቷል ብሏል ዳይሬክተሩ። ቢለመን ይከፍተዋል። ግን ምን ብዬ? እኔው ራሴ አስተምራቸዋለሁ። አዎ። በእረፍት ሰዓት፣ ቀስ ብዬ። ማንም ሳያውቅ ይስተካከላል።

ኅዳር 9

በእረፍት ሰዓት ሦስቱ መጡ። አሥሩ ኳስ ሊጫወቱ ሮጡ። በሰሌዳ ጻፍኩላቸው፣ ጮሁልኝ። ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ?

ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ ታብሌት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለአንድ ልጅ ይናገራል። ፊደሏን በጣቱ ሲነካት ድምፅዋን ይሰማል፣ ሁለቱን ሲያገጣጥም ቃሏን። ያ ልጅ እንደ ቃጭል ነበር ባለፈው ወር። ዛሬ ብቻውን፣ ያለ አጃቢ፣ «ወንበር» አለ። ከዚያ ደግሞ «ወንበሩ» አለ።

ምነው ባልሰማሁት።

ኅዳር 12

የቃጭል እናት መጣች። ጣቷ ላይ የመርፌ መከላከያው እንዳለ ነው፣ ከሥራ ተነሥታ ነው የመጣችው። ልታመሰግነኝ።

«መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው፣ ልጄ አንደኛ ወጣች ሲሉኝ መንገድ ላይ ነው ያለቀስኩት።»

«እሷው ናት ጎበዟ» አልኳት።

ከዚያ እንደ ዋዛ አነሣችው። ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ከብዷታል። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሰጥተዋት ነበር፣ በወረቀት። «ድሮ ለጎረቤት ነበር የማስነብበው። አሁንማ አንባቢ ቤቴ ውስጥ አለች አልኩና ለልጄ ሰጠኋት። ሐሙስ ነው አለችኝ። ሐሙስ ብሄድ፣ ማክሰኞ ነበር አለፈሽ አሉኝ። አሁን ሁለት ወር ጠብቂ ነው የሚሉት። እነሱ ናቸው የተሳሳቱት፣ ልጄማ አትሳሳትም። አይደል መምህር?»

አይደል መምህር?

«ሐኪም ቤት ሰው ይበዛበታል» አልኳት። ይህን ነው ያልኩት።

ከሰዓት ቃጭልን ጠየቅኋት። «ወረቀቱን ለእናትሽ ስታነቢ ለምን ሐሙስ አልሽ?»

«ሐሙስ ሥራ አይበዛባትም» አለች።

ኅዳር 13

ጸሎት ቆሜ አቋረጥኩ። የምለውንም ሰማሁት፤ እሱንም በቃል ነው የምለው።

ኅዳር 15

ራሴን መረመርኩ። ሐቁን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፈዋለሁ።

የፈራሁት ውርደቱን ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ውርደት ያልፋል፤ የሒሳቡ መምህር አንድ ሳምንት ይቀልድብኛል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ያገኛል። የፈራሁት ሌላ ነው። ብናገር ቃጭልን ወደ ጎረቤቴ ልሰድ ነው። ቃጭል ማንበብ ትጀምራለች፣ በእሷ እጅ። አንድ ቀን «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት የምትጠራው የእሷን ስም ነው። ይህ ነው የያዘኝ። አንዲት ልጅ ማንበብ ባትችል ይሻለኛል፣ ከእሷ ተምራ ከምትችል... እንዲህ ያለ ነገር አስቤያለሁ። አዎ፣ አስቤዋለሁ።

ይቅር በለኝ። ብሎ መተኛትስ ይበቃል?

ኅዳር 16

ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ጎረቤቴ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ወጥተዋል። የታብሌቶቹን ቻርጀር ገመዶች እየጠቀለለች ነበር።

«የጥቅምቱ ውጤት የውሸት ነው» አልኳት። «የሰጠሽኝን ወረቀት በቃላቸው አስጠናኋቸው። አራት ቀን ሙሉ።»

መጠቅለሏን አላቆመችም። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አሥራ ሦስቱ አያነቡም።»

«ለምን ጋሼ?»

«ቀንቼብሽ።»

ቀላል ቃል ናት ለካ። ሃያ ስድስት ዓመት እንደ ድንጋይ ተሸክሜያት።

ገመዱን አስቀመጠች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ጎደለኝ እያልኩ ራሴን ስበላ ነበር» አለች። «አታቋርጡ ስላሉ፣ ልጆቼ ሲሳሳቱ ዝም እላቸው ነበር። የተሳሳተውን እንደያዙ። በእርስዎ ምክር።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የእሷ ልጆች ጋ መድረሱን።

«ለዳይሬክተሩ...»

«እሱን እርስዎ ይንገሩት። እኔ አልነግርልዎትም።» ጋሼ ማለቷን ተወችው።

ኅዳር 19

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ብዕሩን ሲያሽከረክር ቆየ። «እርስዎ?» አለ። እንደገና ይፈተኑ አልኩት። ምንባቡን እሷ ትምረጥ፣ እኔ እስከዚያው ቀን አልየው። ዝርዝሩም ይከፈት።

ኅዳር 20

ተፈተኑ። ሁለተኛ «ሀ»፣ አሥራ ዘጠኝ ቃል በደቂቃ። ቃጭል አራት። ወፏ አልበረረችላትም፤ ስክሪኑን ነካክታ ተመለሰች።

ውጤቱን ራሴ ለጠፍኩት፣ በአሮጌው ላይ። የሒሳቡ መምህር መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ቀልዱን ጠበቅሁ። «ሚስማሩ ጠሟል ጋሼ» አለኝና አቃንቶልኝ ሄደ። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

አሥራ ሦስቱ ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ሃያ አራት ልጅ ለአንድ ሰው ይበዛል አለች ጎረቤቴ ለዳይሬክተሩ፣ እኔ ባለሁበት፣ ወደ እኔ ሳታይ። «እኔ ልግባ፣ በረዳትነት» አልኩ። «ታብሌቱን መክፈት ይችላሉ?» አለችኝ። «አልችልም። አስተምሪኝ» አልኳት።

ኅዳር 22

በስምንት ሰዓት ማጠናከሪያው ገባሁ። ከኋላ ቆምኩ። ታብሌቱን ለመክፈት ቁልፏን ሁለት ጊዜ ረጅም አድርጎ መጫን ነው፣ አንዱን ጊዜ ረሳሁት። አንድ ልጅ አሳየኝ።

ቃጭል ጎረቤቴ ጉልበት ሥር ተጠግታ ተቀምጣለች። ፊደሏን ትነካለች፣ ትሰማለች፣ ትላለች። ዝግ ብላ። ድምፅዋን እንዲህ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። አንዲት ቃል አወጣች፣ ወደ መምህርቷ ቀና ብላ ሳቀች። ወደ እኔ አይደለም።

ቆምኩ። አልወጣሁም።

ለእናትየው ግን እስካሁን አልነገርኩም። ልጄ አትሳሳትም እንዳለች ናት።

ኅዳር 24

ሄድኩ። ቅዳሜ ነው። የምትሰፋበት ክፍል ጠባብ ናት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ልብስ። መኪናዋን አቁማ ወንበሩን ልትለቅልኝ ተነሣች። አልተቀመጥኩም፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ልጅሽ ማንበብ አትችልም» አልኳት። «ገና መጀመሯ ነው። አንደኛ ያስባልኳት እኔ ነኝ፣ በቃል አስጠንቼ። የሐኪም ቤቱ ሰዎች አልተሳሳቱም። እሷም አልዋሸችሽም፤ አንብቢ ስላልናት ያነበበች መስሏት ነው።»

የያዘችውን እጅጌ ጨርቅ ጭኗ ላይ አኖረች። አለሰለሰችው። ደግማ አለሰለሰችው።

«ታዲያ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ብሄድ ኖሮ...»

«አዎ።»

«መምህር፣ እኔ ፊደል አላውቅም። እርስዎን ግን አምን ነበር።»

ነበር አለች።

ጨርቁን ወደ ጎን አድርጋ፣ «ሰኞ ሄጄ ቀጠሮውን እንዲያቀርቡልኝ እለምናቸዋለሁ» አለች። «የሚሰጡኝን ወረቀት የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። አስፈቅዳለሁ።»

«እርስዎ አይደሉም» አለች። ክፉ ቃል አልነበረባትም፣ ጨርቅ እንደምትመርጥ ነው ያለችው። «ያቺ መምህርት፣ ልጄን የያዘችልኝ። እሷን ይለምኑልኝ።»

መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ሰኞ ጠዋት ሳገኛት እነግራታለሁ አልኩ። ዝም ብዬ ራሴ ብሄድስ አልኩ። ደግሞ እሷም ሥራ አላት አልኩ። እግሬ ግን ወደ ቤቴ አልታጠፈም፤ ወደ ጎረቤቴ ቤት፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ። አንኳኳሁ። እጇ ሳሙና እንደያዘ ከፈተች።

የቃጭል እናት ያለችውን ነገርኳት፤ እኔን አልፈልግም ያለችውንም፣ እሷን መምረጧንም፣ አንድ ሳላስቀር።

«እሺ» አለች። «ሰኞ ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል። የአንቺን ክፍል እኔ እይዝልሻለሁ።»

ቀናሁ? ቀናሁ። እየቀናሁ ነው የለመንኳት።